የፊዚክስ ሊቅ በባዮሎጂ ቤት፤ ስለ «ሕይወት ምንድን ነው?» የቀረበ ትችት

በኮሌጃችን በሳይንስ ተማሪዎች መካከል አንድ የቆየ ክርክር አለ። ክርክሩም አንድ የሳይንስ ሰው ወይም አንድ መሐንዲስ ከተማረው ሙያ ወጥቶ ስለ ሌላው ሙያ መመራመርና መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። አይገባውም የሚሉት «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ይገባዋል የሚሉት ደግሞ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ተረታቸውን ከተናገሩ በኋላ ነገሩ እንደ ተፈረደ ቈጥረው ወደየክፍላቸው ይሄዳሉ። እኛ ግን ተረት የክርክር መግቢያ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይችልም ብለን ስለምናምን፣ ጉዳዩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ ለመመርመር አሰብን።

ምሳሌያችን የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1944 «ሕይወት ምንድን ነው?» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። መጽሐፉ ከታተመ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም አላጣም።

አንባቢው የእኛን አቋም አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች ነን፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የቤቱ ልጆች እንጂ እንግዶች አይደለንም። መጽሐፉን ያዋሰን የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ሲሆን፣ ሲሰጠንም «ሙያችሁን ከዚህ ተማሩ» የሚል ቀልድ ጨመረበት። ቀልዱ እንዳልጣመን አንሸሽግም። ማንበብ የጀመርነውም ስሕተት ለመልቀም ነበር። ስሕተትም አላጣንበትም። ነገር ግን መጽሐፉን ስንዘጋ፣ የስሕተቱን ዝርዝር ብቻ ይዘን ወደ ጓደኛችን ለመሄድ የማያስችለን ሌላ ነገርም አገኘን። ይህ ትችት የተጻፈው ሁለቱን በሚዛን ለማስቀመጥ ነው።

ሽሮዲንገር በ1887 በቪየና ተወለደ። ስሙ የገነነው በ1926 ባወጣው፣ የአቶምን ጠባይ ለማስላት በሚያገለግለው የሞገድ ቀመር ነው። በ1933 ከፖል ዲራክ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ ከሥራው ተባርሮ ተሰደደ፤ በ1939ም አየርላንድ ገብቶ በደብሊን ከተማ ተቀመጠ። በዚያም ሳለ፣ ዓለም በጦርነት ላይ በነበረበት በ1943 በፌብሩዋሪ ወር፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ ስለ ሕያው ሴል ተከታታይ ንግግር አደረገ። አድማጮቹ አራት መቶ ያህል ነበሩ። መጽሐፉ ከዚያ ንግግር የወጣ ነው።

በመቅድሙ ላይ ደራሲው፣ አንድ ሊቅ ባልተካነበት ነገር እንዳይጽፍ የሚጠበቅበት መሆኑን ራሱ ያነሣል። ነገር ግን ዕውቀት እጅግ እየሰፋ ስለ ሄደ አንድ ሰው ከአንዲት ጠባብ ክፍል በቀር ሌላውን ጠንቅቆ ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው መሳቂያ እሆናለሁ ብሎ ሳይፈራ የተበታተነውን ለማገናኘት ካልደፈረ፣ አንድነት ያለው ዕውቀት ፈጽሞ አይገኝም የሚል ምክንያት ያቀርባል። ይህ ምክንያት ለመግቢያ በቂ ነው እንላለን። በር ማንኳኳት መልካም ሥነ ሥርዓት ነውና። ሆኖም እንግዳ የሚመሰገነው በር በማንኳኳቱ ብቻ አይደለም፤ ከገባ በኋላ በሠራው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ፍሬ ነገር እንግባ። ሽሮዲንገር የሚነሣው የፊዚክስ ሰው ጠንቅቆ ከሚያውቀው ነገር ነው። አቶሞች በሙቀት ምክንያት ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ ስለዚህ የአንዱን አቶም አካሄድ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ብዙዎቹ የፊዚክስ ሕጎች ትክክል ሆነው የሚታዩት እጅግ የብዙ አቶሞች ድምር ውጤት ስለ ሆኑ ነው። የሚደርሰው መዛነፍም በቍጥሩ ስኩዌር ሩት ይገመታል። ሞለኪውሎቹ 100 ቢሆኑ መዛነፉ 10 ያህል ይሆናል፤ ይህም ከመቶ አሥር ማለት ነው። 1,000,000 ቢሆኑ ግን መዛነፉ 1,000 ያህል ነው፤ ይህም ከሺህ አንድ ብቻ ማለት ነው። ብዛት ሥርዓትን ያስገኛል፤ ጥቂት የሆነ ነገር ግን ሥርዓት ሊጠበቅበት አይችልም።

ችግሩ ከዚህ ላይ ይጀምራል። የወላጅን መልክ ለልጅ የሚያስተላልፈው ጂን እጅግ ጥቂት አቶሞች ያሉበት ነገር ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ በተሰጠው አንድ ግምት መሠረት አንድ ሺህ ያህል ቢሆኑ ነው። እንደ ላይኛው ሒሳብ ከሆነ ይህን ያህል ጥቂት የሆነ ነገር ሥርዓቱን ጠብቆ ሊኖር ባልተገባው ነበር። ሆኖም የሐብስቡርግ ነገሥታት ቤተ ሰብ የታችኛው ከንፈር ጉልህነት በሥዕሎቻቸው ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ይታያል። ያ ጂን በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ገደማ፣ ሲንቀጠቀጥ እየኖረ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ እንዴት ሳይበላሽ ቀረ?

ይህን ጥያቄ ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አስቀመጥነው። እኛ ስለ ዘር ውርሻ ተምረናል፤ የአተርንና የዝንብን ዘር አቈጣጠር በፈተና ጽፈናል። ነገር ግን ልጅ አባቱን መምሰሉን ከመልመዳችን የተነሣ፣ መምሰሉ ራሱ ምክንያት የሚሻ ነገር መሆኑን ጠይቀን አናውቅም ነበር። የቤት ልጅ የቤቱን ምሰሶ አይቶ አያየውም፤ «ይህ ጣራ በምን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው።

ሽሮዲንገር የሚሰጠው መልስ ጂን አንድ ትልቅ ሞለኪውል ነው የሚል ነው። በሞለኪውል ውስጥ አቶሞች በኬሚካዊ ማሰሪያ ስለ ተያያዙ፣ ከአንዱ አሰላለፍ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ከፍ ያለ ኃይል ባንድ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ጥቂት በጥቂት አይዛነፉም። የጂን ጽናት ከዚህ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በራጅ ጨረር ሲመታ፣ ዝላዩ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዲስ ጠባይ ያለው ዘር ይወለዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ይመጣል። ተራ ክሪስታል፣ እንደ ጨው ያለው፣ አንዱን አሰላለፍ እየደጋገመ የሚሄድ ነው። የዘር ሞለኪውል ግን የማይደጋገም ክሪስታል መሆን አለበት ይላል። ነገሩን በራሳችን ምሳሌ ለመግለጽ ያህል፣ የነጠላ ጥለትና የብራና ገጽ ይታሰቡ። የጥለቱን አንድ ስንዝር ያየ ሰው ቀሪውን ሁሉ አየ ማለት ነው፤ የብራናውን አንድ መስመር ያነበበ ሰው ግን ገጹን አነበብሁ ሊል አይችልም። እያንዳንዱ ፊደል በቦታው ሥራ አለው። ቁም ጸሐፊውም ገጹን ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳሉ። ጥቂት ምልክቶች ይህን ሁሉ ነገር ሊይዙ ይችላሉን? ለሚል ሰው ሽሮዲንገር የሞርስን የቴሌግራፍ ፊደል ያሳየዋል። ነጥብና ሰረዝ ብቻ ከአንድ እስከ አራት እየሆኑ ሲሰለፉ 30 ልዩ ልዩ ምልክት ይሰጣሉ።

ይህን ካደነቅን በኋላ ወደ ነቀፌታው መምጣት ግዴታችን ነው።

አንደኛ፣ ጂን ሞለኪውል ነው የሚለው ሐሳብ የሽሮዲንገር አይደለም። ኸርማን ሙለር በ1927 የራጅ ጨረር የዝንብን ዘር እንደሚለውጥ አሳይቶ ነበር። በ1935 ደግሞ ማክስ ዴልብሩክ ከቲሞፌየፍ-ሬሶቭስኪና ከጺመር ጋራ ሆኖ ይህንኑ የጂን አስተያየት ጽፏል። ደራሲው ግን የተበደረውን አልሸሸገም፤ እንዲያውም የዴልብሩክን ስም በምዕራፍ አርእስት ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ ይህ ነቀፌታ ክብሩን ይቀንሰዋል እንጂ ነውር አይሆንበትም።

ሁለተኛ፣ ጂን ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ፣ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ ጠባይ የሚለውጠው ነገር ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አሳዩ። እዚህ ላይ ግን ፍርዳችን መጠንቀቅ አለበት። በዚያ ዘመን ጂን ፕሮቲን ነው የሚሉት አብዛኞቹ የባዮሎጂ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። እንግዳ ከባለቤቱ ዕቃ ሲበደር የተሰበረውንም አብሮ ይበደራል።

ሦስተኛ፣ ሕያው ነገር ሥርዓቱን የሚጠብቀው ከአካባቢው «አሉታዊ ኤንትሮፒ» እየተመገበ ነው የሚለው አነጋገር ብዙ ተቃውሞ አስነሥቷል። ነገሩ በትክክል ይነገር ከተባለ መነሣት የነበረበት፣ ለሥራ ሊውል የሚችለው ነፃ ኃይል ነበር። ደራሲውም ከተቃውሞው በኋላ በምዕራፉ ላይ ማስታወሻ ጨምሮ ለፊዚክስ ሰዎች ብቻ ቢናገር ኖሮ በዚያው መንገድ በሄደ ነበር ብሏል። አንባቢው እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ይህ ስሕተት በእኛ ቤት ሳይሆን በራሱ በፊዚክስ ቤት የተሠራ መሆኑን ነው። በሰው ቤት እየተጠነቀቀ የተራመደው ሰው በገዛ ቤቱ ተሰናከለ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ሕያው ነገር እስካሁን ያልታወቀ አዲስ የፊዚክስ ሕግ ሳያስገኝ አይቀርም የሚለው ተስፋው ነው። ተስፋው አልተፈጸመም፤ የዘር ውርሻ አሠራር በተለመደው የኬሚስትሪ ሕግ ተገልጧል። በመጨረሻም ደራሲው ስለ ሰው ነፃ ፈቃድ በጻፈው መደምደሚያ ላይ ማስረጃው ወደ ኋላ ይቀርና ሐሳቡ ብቻውን ይሮጣል። አንባቢው ያን ክፍል እንደ አንድ ሰው እምነት እንጂ እንደ ሳይንስ እንዳይቀበለው እንመክራለን።

የሄሞግሎቢንን ቅርጽ የገለጠው ማክስ ፔሩትዝ በ1987፣ የሽሮዲንገር መቶኛ የልደት ዓመት ሲታሰብ፣ መጽሐፉን መርምሮ በፍሬ ነገሩ እንዲህ ሲል ፈርዷል፤ እውነት የሆነው ክፍል አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነውም አብዛኛው መጽሐፉ በተጻፈበት ጊዜ እንኳ እውነት አለመሆኑ የታወቀ ነበር። ላይነስ ፖሊንግም በዚያው የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ ያልለዘበ ነቀፌታ ጽፏል። እኛ እነዚህን ሊቃውንት ለመቃወም ዐቅም የለንም። ነገር ግን ፍርዳቸው መልሱን ብቻ የመዘነ ይመስለናል። መጽሐፉ ያነሣው ጥያቄ ለብቻው ሊመዘን ይገባዋል።

ጥያቄው ምን እንደ ሠራ የሚመሰክሩ አንባቢዎች አሉ። ጄምስ ዋትሰን በቺካጎ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ሐሳቡ ስለ ወፎች ማጥናት ነበር፤ ይህን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ጂንን ለማጥናት ወሰነ። ፍራንሲስ ክሪክ የፊዚክስ ሰው ሲሆን በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስለ ፈንጂ ይሠራ ነበር። ሞሪስ ዊልኪንስም የፊዚክስ ሰው ነው፤ እርሱ የአቶም ቦምብ በተሠራበት ሥራ ውስጥ ነበረበት። ሁለቱም መጽሐፉን አንብበዋል። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ካገኙ በኋላ ክሪክ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ለሽሮዲንገር ደብዳቤ ጽፎ፣ መጽሐፉ ሁለቱንም እንደ ነካቸውና «የማይደጋገም ክሪስታል» የሚለው አጠራር የሚስማማ እንደ ሆነ ገልጦለታል። ከ1961 እስከ 1966 በተደረገው ምርምርም የዘር ጽሕፈቱ ተነበበ፤ አራት ፊደላት ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲሰለፉ 64 ቃላት ይሰጣሉ። የሞርስ ፊደል ምሳሌ ቀልድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ዲ.ኤን.ኤ.ን አገኘ የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቅርጹ የተገኘው በላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከሁሉ ይልቅ የረዳው የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የራጅ ምርምር ሲሆን፣ እርስዋም ቀድሞ የድንጋይ ከሰልን ውስጣዊ አሠራር ያጠናች የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረች። ከከሰል ወደ ሕይወት የተሻገረችው መሣሪያዋን ይዛ ነው። ዋትሰንና ክሪክ የምርምርዋን ውጤት እርስዋ ሳታውቅ አይተው ተጠቅመውበታል። በ1958 ስላረፈችም በ1962 ሦስቱ ወንዶች የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ አልነበረችም። ስለ ተሻጋሪ ሊቃውንት ሲነገር ስምዋ መቅረት የለበትም።

ፍርዳችን ለአንድ ሰው ማድላት እንዳይመስል ሌላ እንግዳ እንጥራ። ሎርድ ኬልቪን ከታላላቆቹ የፊዚክስ ሊቃውንት አንዱ ነበረ፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር በ1866 ለተዘረጋው ቴሌግራፍም ብዙ የደከመ መሐንዲስ ነበር። በ1862 ስለ መሬት ዕድሜ ለማወቅ ጓጕቶ፣ መሬት ከቀለጠ ድንጋይ ተነሥታ እስከ ዛሬ ለመቀዝቀዝ የፈጀባትን ጊዜ አሰላ። ያገኘውም ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ነበር፤ በ1897 ይህን ወደ 20 እና 40 ሚሊዮን አጠበበው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የድንጋዩ ንብብር ከዚህ የበለጠ ጊዜ እንደሚጠይቅ ይመለከቱ ነበር። ዳርዊንም በዚህ ሒሳብ እጅግ ተጨንቆ ነበር። ኬልቪን ግን የድንጋዩን ምስክርነት ከሒሳቡ በታች አደረገው።

በ1895 የቀድሞ ረዳቱ የነበረው መሐንዲስ ጆን ፔሪ ተነሥቶ፣ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም መነሻው ስሕተት ሊሆን እንደሚችል አሳየ። የመሬት ውስጥ እንደ ኬልቪን አሳብ ደርቆ የቆመ ባይሆንና ሙቀትን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ዕድሜዋ ብዙ እጥፍ ይሆናል አለ። ኬልቪንን የረታው የራዲዮአክቲቭ ሙቀት መገኘት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ነገር ግን ዋናው ጕድለት ፔሪ ያመለከተው ነበር። ዛሬ የመሬት ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ፔሪም በሥነ ምድር እንግዳ መሆኑ ነው። እንግዳው እንግዳውን አረመው፤ ልዩነታቸው ፔሪ የባለቤቶቹን ምስክርነት አክብሮ ሒሳቡን እንደ ገና መመርመሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። ኬልቪንም ሽሮዲንገርም ተሳስተዋል፤ ስለዚህ ልዩነታቸው በመሳሳትና ባለመሳሳት አይደለም። ኬልቪን ለሥነ ምድር ሰዎች ያቀረበው ክርክሩን የሚዘጋ መልስ ነበር፤ ሽሮዲንገር ለባዮሎጂ ሰዎች የተወው በእጃቸው ይዘው የሚሠሩበት ጥያቄ ነው። እንግዳ ሊቅ የሚመዘነው ትቶት በሄደው ጥያቄ ነው እንላለን፤ በገዛ ቤቱ ያገኘው ዝና ሚዛን ላይ መውጣት የለበትም። ጥያቄው ባለቤቶቹ ሊፈትኑት የሚችሉት ከሆነ መልሱ ቢወድቅ እንኳ እንግድነቱ ፍሬ አፍርቷል።

መልሱንም ራሱ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ግን እንግድነት አይበቃውም። ለዚህ ምሳሌው ዴልብሩክ ነው። እርሱ ከፊዚክስ ወጥቶ በ1937 አሜሪካ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያን የሚያጠቃውን ቫይረስ ሲያጠና ኖረ፤ ከ1945 ጀምሮም በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ሌሎችን ያስተምርበት ነበር። የኖቤልን ሽልማት በ1969 ያገኘው በፊዚክስ አይደለም፤ በሕክምናና በፊዚዮሎጂ ነው። እርሱ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ነዋሪ ሆነ። የቤቱን ሥራ ከሥሩ ተማረ።

እንግዲህ ወደ ኮሌጃችን ክርክር እንመለስ። «ሥራ ለሠሪው» የሚለው ወገን ስለ መልስ ሲናገር ትክክል ነው፤ መልስ ያለ ሙያ አይገኝም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውም ስለ ጥያቄ ሲናገር ትክክል ነው። ጕዳቱ የሚመጣው ጠያቂው መላሽ ነኝ ሲል፣ ወይም ባለሙያው ጠያቂውን ከደጅ ሲመልስ ነው። ሁለቱም ልማዶች በመካከላችን እንዳሉ መካድ አይቻልም። በአንድ በኩል ከፈተና ውጭ ያለን መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚል አለ፤ በሌላ በኩል በአንድ ትምህርት ከፍተኛ ነጥብ ስላገኘ በሁሉ ነገር ላይ ለመፍረድ የሚቸኵል አለ።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። የየክፍሉ ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ ስለ ጐረቤቱ ሙያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይምጣ፤ መልስ ይዞ መምጣት አይፈቀድ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚያቀርበው መጽሐፉን ያዋሰን ጓደኛችን ቢሆን ደስ ይለናል። እኛም መጽሐፉን ከስሕተቱ ዝርዝር ጋራ መልሰንለታል። ጥያቄውን ግን ለራሳችን አስቀርተነዋል።